ያዝ ለቀቅ

አማርኛ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጨካኝ ቋንቋ አይደለም። «ልብ ወለድ መጻፍ ይዣለሁ» ስል የሰማኝ ሁሉ እጄ ላይ አንድ ነገር ያለ ይመስለዋል። እኔ ያልኩት ግን «ጀምሬያለሁ» ነው። ግሡ አንድ ስለሆነ ውሸታም የሚለኝ የለም። ጋምቤላ ከገባሁ ወዲህ በዚህ ዘዴ ያልያዝኩት ነገር የለም፤ ኑዌርኛ መማር ይዣለሁ፣ ጎህ ሲቀድ በባሮ ወንዝ ዳር መሮጥ ይዣለሁ፣ ገንዘብ መቆጠብ ይዣለሁ፣ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይዣለሁ። ከኑዌርኛው «ማሌ» የምትለው ሰላምታ ቀርታኛለች፤ እሷንም ገበያ መሀል ወርውሬ መልሱ ረዘም ብሎ ከመጣ ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ እሸሻለሁ። ከሩጫው ጫማው ቀርቷል፣ እንዳዲስ ነው። ከቁጠባው የባንክ ደብተሩ።

እንጀራዬ አማርኛ ማስተማር ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ክፍሌ ውስጥ የኑዌሩም፣ የአኙዋኩም፣ የመዠንግሩም ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለ ተሻጋሪ ግሥ ይማራል። ቋንቋውን ከእናቱ ያልወረሰ ተማሪ ደግሞ እኛ አፋችንን የፈታንበት ሰዎች ያላየነውን ያያል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ረጅም ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ወባ ያዘኝ ይባላል። እኔ ወባውን ያዝኩት ይባላል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ የሌለው መምህር የሚስቀውን ሳቅ። ከዚያ «ግሩም ጥያቄ ነው፣ ነገ መልሱን ይዤ እመጣለሁ» አልኩት። መምህር «ነገ ይዤ እመጣለሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ በኢትዮጵያ ምድር የለም፤ ልጁም እጁን አውርዶ ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። በሰዋስዋችን አድራጊው «ባለቤት» ይባላል፣ የሚደረግበት «ተሳቢ»፣ መጨረሻ ላይ ሁሉን ጠፍሮ የሚዘጋው ግሥ ደግሞ «ማሰሪያ አንቀጽ»። እኔን በዚህ ሚዛን አስቀምጡኝ። እንቅልፍ ይይዘኛል። ጉንፋን ይይዘኛል። መንገድ ላይ ዝናብ ይይዘኛል፣ ሰው ፊት ይሉኝታ ይይዘኛል፣ ቀጠሮ ስቀር «ሥራ ይዞኝ ነው» እላለሁ፣ ያ ሥራ ምን እንደሆነ እስካሁን ያየው ሰው ባይኖርም። ባለቤቱ ሁልጊዜ ሌላ ነው፤ እኔ የምሳበው ነኝ። ማሰሪያ አንቀጹን አታንሱብኝ፤ የሕይወቴ ዓረፍተ ነገሮች «እያ» እና «ስ» እየቀጠሉ ይሄዳሉ፤ ነጠላ ሰረዝ እንጂ አራት ነጥብ አያውቁም።

መዝገበ ቃላቱን ያነሳሁት ያኔ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ማለቴ ነው። ከፊት ያለውን ሰዋስው እንደ ልማዴ ዘለልኩት። ዕድሌ ሆኖ ግን መዝገቡ በ«ሀሁ» ተራ አይሄድም፤ በ«አበገደ» ነው። «አ» መጀመሪያ ስለምትመጣ እንደኔ መግቢያው ላይ ለሚደክም አንባቢ እንኳ «አኀዘ» አታመልጥም። «ያዘ» የምንለው ግሥ ድሮ እሷ ነበረች። የአማርኛ ጉሮሮ የ«ኀ»ን ድምፅ ሲጥል ቃሉ ተልጦ ተልጦ «ያዘ» ሆነ፤ ትግርኛ በበኩሉ ጉሮሮውን አስቀርቶ ፊተኛውን ፊደል ጣለና «ሓዘ» አለ። ከአንድ ውርስ ሁለት ወንድማማች እየተካፈሉ ሲሄዱ እንዲህ ነው። አማርኛ አሮጌውን ቅርጽ አንድ ቦታ ላይ ሳይነካ አስቀርቶታል፦ «አኃዝ» ስንል፣ ቁጥሩን። ብዛትን ጨብጦ የሚያቆይ ምልክት ነውና ስሙ ይገባዋል። የወር ደመወዜን አኃዝ ግን ምኑን ጨብጦ እንዳቆየ ልነግራችሁ አልችልም።

ይበልጥ የሚገርመው መያዝና መጀመር በአንድ ግሥ የተጣበቁት በአማርኛ ስንፍና አለመሆኑ ነው። ግዕዙም «አኀዘ» ሲል ያዘም ጀመረም ማለቱ ነው። ዓረቡም «አኸዘ» ይልና፣ ወሰደ ማለት ሆኖ ሳለ ከሌላ ግሥ ፊት ሲቆም «ይሠራ ጀመር» ይሆናል። በባቢሎን የሸክላ ጽሑፎች የምናውቀው አካድኛ «አኻዙ» ሲል ያዘ፣ ሚስት አገባ፣ ተማረ ማለቱ ነበር። ስለዚህ እኔ ኑዌርኛ «ይዤ» ስተወው፣ ትዳር «ልይዝ» ስል፣ ትምህርት «ይዤ» ስለቅ፣ በሦስቱም በኩል ሺህ ዓመታት የቆየን ቃል ነው የማሳፍረው። ይህን ያህል ጥንታዊ የሆነ ግሥ ላይ እንዲህ መቀለድ ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱ አለኝ፣ የጎደለኝ ሌላው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ቃሉ በንጉሥ ስም ተሰውሮ ይገኛል። አካዝ ማለት ያዘ ነው። አካዝያስ ደግሞ «እግዚአብሔር ያዘ» ነው። ይህ ሁለተኛው፣ የእስራኤሉ ንጉሥ የአክዓብ ልጅ፣ በሁለተኛ ነገሥት መጀመሪያ ላይ ምን ሆነ? ሰማርያ ላይ ከሰገነቱ፣ ከዓይነ ርግቡ ወደቀና ታመመ፣ ከአልጋውም አልተነሣም። ስሙ «ያዘው» እየተባለ ከመስኮት የወደቀ ሰው ካለ እኔ ብቸኛ አይደለሁም ብዬ ለጥቂት ጊዜ ተጽናናሁ።

መጽናናቱን ያበላሸብኝ ራሱ መዝገበ ቃላቱ ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሳይጨርሱት ሲያርፉ ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ አደራ ሰጡ። ኪዳነ ወልድ ኢየሩሳሌምም ድሬዳዋም ሆነው ዕድሜያቸውን ሲያርሱት ኖረው እሳቸውም መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩ አለፉ፤ አደራውን ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተዉት። አለቃ ደስታ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። በዚያም አልበቃቸውም፤ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሦስት ትውልድ አንዱን ብራና ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበለው አልወደቀም። እኔ እሱኑ መጽሐፍ፣ ታትሞና ተጠርዞ፣ ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ አምጥቼ «አ»ን ሳልጨርስ መለስኩት። አቧራውን የጠረግሁት በመጽሐፉ ላይ ያደረግሁት ብቸኛ አስተዋጽኦ ነው።

የምኖርባት ከተማም ለእኔ ጸባይ የተሠራች አይደለችም። ስሟን ነብር ከመያዝ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ «ጋም» በአኙዋክ አፍ መያዝ ነው ብለው ያስረዳሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ የኛው «የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» ነው። ምክሩን ከግማሽ በላይ ጠብቄዋለሁ፤ ጭራውን አልያዝኩም። የሚከተለውን ክፍል ለመፈተን ዕድል አላገኘሁም፣ ባገኝም ነብሩ የሚጠብቀኝ አይመስለኝም።

መልቀቅን በሥርዓት የሚያውቁ ግን እዚሁ ባሮ ዳር ነበሩ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር ላይ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ የወንዝ ዳሩ ከ2000 ሜትር ያልዘለለ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ተሰጠ። የጣቢያው መቀመጫ ጋምቤላ ሆነች። ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል በውሉ ተጽፏል። የይዞታው ዕድሜም ተጽፏል፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ድረስ። ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች በክረምት ውሃው ሲሞላ ብቅ ይሉ፣ ቡናውን ጭነው ውሃው ሳይጎድል ይመለሱ ነበር፤ በበጋ ባሮ አሸዋውን አውጥቶ ይተኛል። ወንዙ ራሱ ያዝ ለቀቅ ነው እላለሁ ለራሴ፤ ግን ወንዙ በየዓመቱ በወሩ ይመለሳል፣ እኔ እንደዚያ ያለ የታመነ ስንፍና እንኳ የለኝም። ጣልያን በመሀል ጋምቤላን ይዞ በ1933 ለቀቀ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ቃል አበቃ። ልብ በሉ፣ መዝገበ ቃላቱ የታተመበት ዓመት ነው፤ በአንድ ዓመት የአንዱ የይዞታ ውል ሲያበቃ፣ ሌላው የያዘውን ጨርሶ ለአገር ሲያስረክብ።

ባሮ ከተነሣ ወደ ገዛሁት ዓሣ ልግባ። በዓሣው ጉዳይ ኩራቴ ስለተነካ ዝርዝሩን አልዘልም።

በበጋ፣ ውሃው ጎድሎ አሸዋው ሲሰፋ፣ ከማንጎዎቹ ጥላ ወረድ ብሎ ወጣቶች ያጠመዱትን ይሸጣሉ። አምባዛ ገዛሁ። አምባዛን ለማያውቅ ደገኛ፦ ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በልጋግ የተለበሰ ነው፣ አፉ ዙሪያ ጢም አለው፣ ከጉንጩ ኋላ በክንፉ ሥር ግራና ቀኝ አንዳንድ የአጥንት እሾህ ደብቋል። ሻጩ የአኙዋክ ልጅ በቅጠል ልጠቅልልህ ሲለኝ «ተወው፣ እይዘዋለሁ» አልኩ። ወገቡ ላይ ጨበጥኩት። ዓሣው ገና ነፍስ ነበረው። ጠበቅ አደረግሁ፤ ጠበቅ ባደረግሁ መጠን ወደ ፊት እየተስፈነጠረ ሄደ። በሁለተኛው እጄ አንገቱን ልደርስበት ስል እሾሁ መዳፌ ውስጥ ገባ። ጮህኩ። ዓሣው አሸዋው ላይ ወደቀ፣ ሁለቴ ተገላበጠ፣ ሦስተኛው መገላበጥ ባሮ ውስጥ ነበር።

ልጁ አልሳቀም። ካለው ሌላ አምባዛ አነሣና አሳየኝ፦ አውራ ጣቱን በአንዱ ክንፍ ሥር፣ ሌባ ጣቱን በሌላው ክንፍ ሥር ከእሾሁ ኋላ አስገብቶ ጭንቅላቱን ወደ ታች ያዘው። ጣቶቹ ምንም አልተጨናነቁም። ዓሣው ዝም አለ። «ጋሼ፣ ይሄኛውን ልስጥህ?» አለኝ፣ ዋጋውን እንደገና እየጠራ። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ልዩነቱ ቀሚው ዓሣው ራሱ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን በቅጠል አስጠቅልዬ፣ የሁለት ዓሣ ሒሳብ ከፍዬ ሄድኩ። ለክፍል ተማሪዎቼ መዳፌ የቆሰለው ችንካር ወግቶኝ ነው ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ የረጅሙ ልጅ ጥያቄ በአካል መጣ፦ ወባ ያዘኝ።

የያዘኝ ቫይቫክስ የሚሉት ዓይነት ነው። እኔ በሕይወቴ ያየሁት ራሴን የሚመስል ብቸኛ ፍጥረት። ብርድ ብርድ ብሎ ይጀምርና ጥርስ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ያነዳል፣ ከዚያ በላብ ያጠምቃል፣ ከዚያ ልቅቅ ያደርግና ሰው ያደርግሃል። በማግሥቱ ደህና ነህ፤ ገበያ ትወጣለህ፣ «ድካም ነበር» ትላለህ። በሦስተኛው ቀን በዚያችው ሰዓት ተመልሶ ይመጣል። የጋምቤላ ሙቀት ከውጭ፣ ትኩሳቱ ከውስጥ፣ በላዩ ደግሞ ጋቢ፤ ብርዱ ሲነሣ በዚህ ምድጃ አገር ጋቢ ደርቦ የሚንዘፈዘፍ ሰው ማየት ጎረቤት ያዝናናል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደሜን በመስተዋት ላይ ዘርግተው አዩት። ሲስተሯ ክሎሮኪኑን ሰጠችኝና ሌላ ትንሽ ፓኬት ጨመረችበት፤ ፕሪማኪን፣ ለ14 ቀን። «መምህር፣ ይሄ ዋናው ነው» አለችኝ። «ትኩሳቱ ሲለቅዎት እንዳያቆሙት። ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፣ ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ ይነሣል። እሱን የሚነቅለው ይሄኛው ነው።» በትሕትና አንገቴን ነቀነቅሁ። እንዴት ያለ ግልጽ ማብራሪያ ነው ብዬ አደነቅሁ። ኪኒኑን መውሰድም ያዝኩ፤ እዚህ ላይ ግሡን በየትኛው ፍቺ እንደተጠቀምኩበት አንባቢ ገምቷል። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እኔም ፓኬቱን ለቀቅሁት። ፍሬዎቹ ግማሽ በግማሽ ተፈልቅቀው ከሩጫ ጫማው አጠገብ መስኮት ላይ ተቀመጡ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ትንኙ ሲበዛ፣ ወባው መልሶ ያዘኝ፤ ማን ነክሶኝ እንደሆነ ለማወቅ ስጨነቅ፣ የነከሰኝ የለም፤ ጉበቴ ውስጥ ሲጠብቀኝ የነበረው ነው የተነሣ። ተውሳኩ የጀመረውን መጨረስ ያውቅበታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለልጁ መልስ አገኘሁለት። ወባን መያዝ ይቻላል፤ ግን 14 ቀን ይፈልጋል። ለክፍሉ ነገርኩት። ስለ ራሴ ፓኬት አልተናገርኩም። ልጁ «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብሎ ጻፈው፤ ፈተና ላይ የሚመጣ መስሎት ይሆናል።

ትዳር አለመያዜን የሚያነሡ ጎረቤቶች አሉ። አንድ የአኙዋክ ባልደረባዬ በዚህ ጉዳይ ያስረዳኝ ነገር ግን ከምክራቸው ሁሉ ይበልጥ ገባኝ። አኙዋኮች በጥሎሽ የሚሰጡት «ድሙይ» የሚባል ሰማያዊ የመስተዋት ዶቃ አለ። ዶቃው ብዛቱ የተወሰነ ነው፤ እንደልብ የሚገዛ አይደለም። እህት ስትዳር ወደ ቤት የገባው ዶቃ ወንድም ሲያገባ ከቤት ይወጣል። ስለዚህ ማንም ድሙይን ለዘላለም አይዝም፤ ይጠብቀዋል፣ ይቆጥረዋል፣ በተራው ያስረክበዋል። የመኳንንቱ የማዕረግ ዶቃ ደግሞ ሌላ ነው፣ ለሱ ጦር ተማዝዘውበታል፤ የእንግሊዙ አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አኙዋኮች ዘንድ ደርሶ ይህን በዝርዝር ጽፏል። ባልደረባዬ ሲጨርስ «አንተ ጋር ቢሆን ዶቃው የት ይገኝ ነበር?» አለኝ። መስኮቱን አሰብኩና ዝም አልኩ።

ከመሥሪያ ቤት ቃላት ውስጥ በጣም የምፈራው «ተያዥ» የሚለው ነው። «ያዥ» ማለት ገንዘቡን የሚይዝ ነው፤ «ተያዥ» ማለት ያዡ ሲጠፋ የሚያዘው። አንድ ፊርማ ነው የሚለያያቸው። እኔ ደግሞ መፈረም አይከብደኝም፣ መፈረም መጀመር ነውና። አንድ የማውቀው ልጅ ሥራ ሲገባ ተያዥ ሆንኩለት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በመንገድ ሳየው የሚራመድበትን አቅጣጫ አያለሁ፣ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ከሆነ ልቤ ይሰነጠቃል። ምስኪኑ ልጅ ሥራውን በሥነ ሥርዓት ይዞ ተቀምጧል። «ያልያዙት ግልግል ያውቃል» ይባላል፤ እኔ ገና ሳልያዝ ግልግል እየለመንኩ ነው።

በቅርቡ የሰፈራችን እድር ምርጫ አካሄደ። የተማረ ሰው ይሁን ተባለና ለገንዘብ ያዥነት ስሜ ተጠራ። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት ይሉኝታ ያዘኝ። ከዚያ አንዱ «ተያዡስ?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ምንጣፉን አየ። ያ ጸጥታ ከምስክር ወረቀቶቼ ሁሉ በላይ እውነተኛ ሆኖ አገኘሁት። በመጨረሻ አንዲት እናት፣ ከእኔ ግቢ አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ ገንዘቡን እኔ እይዛለሁ። አንተ የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል፤ ደብተሩን ያዝ።»

ጉባኤው በጭብጨባ ተቀበለ፤ ከሁሉም ጠንክሬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ደብተሩ ይኸው። በዚያው ማታ ገጹን በማስመሪያ አሰመርኩ፣ ርእሱን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ፣ የአባላቱን ስም በሀሁ ተራ ደረደርኩ። «ሀ» አልቋል። «ለ» አልቋል። ከ«መ» ጀምሮ ያሉትን አባላት ሰኞ እይዛቸዋለሁ።